በብየዳ ቤት ለሚሠራ የጥብጣብ መጋዝ የመከለያ ቁስ አመራረጥ፦ ከምዕራብ ጎጃም ሁኔታ አንጻር የቀረበ ንጽጽር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ግንድን ወደ ጣውላ የሚሰነጥቅ የጥብጣብ መጋዝ በአነስተኛ ብየዳ ቤት ሊሠራ የሚችል ማሽን ነው። በሥራው ሂደት መከለያው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ክፍል በመሆኑ፣ ቁሱ የሚመረጠው ከተረፈው ብረት ወይም ከሚገኘው ቆርቆሮ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ለመከለያ ሊውሉ የሚችሉ ቁሶችን በጥንካሬ፣ በግትርነት፣ በክብደት፣ ከመጋዙ ጥርስ ጋር ባላቸው መስተጋብርና በአካባቢው በመገኘታቸው ያነጻጽራል። የንጽጽሩ ውጤት እንደሚያመለክተው ለማሽኑ በሙሉ የሚበጅ አንድ ቁስ የለም፤ ለመንኮራኩሮቹ ስስ ላሜራ፣ ለጥብጣቡ የመመለሻ መስመር ኮምፔንሳቶ፣ ለመቁረጫው ቦታ በእንጨት የተለበደ ብረት፣ ለቺንጋው ደግሞ የሽቦ ወንፊት ተመራጭ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን መከለያው በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ በማሽኑ ላይ የሚቆይ መሆኑ ከውፍረቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጥብጣብ መጋዝ፣ መከለያ፣ ላሜራ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ባሕር ዛፍ፣ የሥራ ላይ ደኅንነት

1. መግቢያ

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ሰፊ ቦታ ይዟል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ ከዚያም አልፎ የቆጋ መስኖ በሚያለማው የመርዓዊ አካባቢ ጭምር፣ ለገበሬው ቤተሰብ እንደ ቁም ቁጠባ የሚታይ ዛፍ ሆኗል። ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ ወይም ሕመም ሲመጣ ተቆርጦ ይሸጣል። በአጠናነት፣ በቋሚነትና በማገዶነት ከመሸጥ ይልቅ ወደ ጣውላ ሲለወጥ የሚያስገኘው ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ግንዱን በቅርብ የመሰንጠቅ ፍላጎት ተፈጥሯዊ ነው።

የጥብጣብ መጋዝ፣ በሙያተኞች አጠራር ባንድ ሶ፣ ለዚህ ፍላጎት ይስማማል። ስስ ጥብጣብ የሚያባክነው እንጨት በአንድ ቆረጣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ክብ መጋዝ ግን 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊያባክን ይችላል። በ10 ቆረጣ ልዩነቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አንድ ጣውላ ይበልጣል። ማሽኑም ውስብስብ አይደለም። ሁለት መንኮራኩሮች፣ በእነርሱ ላይ የሚዞር ጥርሳም ጥብጣብ፣ ሞተር፣ ቺንጋና በሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ይበቁታል። ቱቦላሬ፣ ኩሽኔታና አሮጌ የመኪና ቸርኬ ያለው ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል።

ማሽኑ ግንድ መቁረጥ የሚጀምረው ግን መከለያው ከመሠራቱ በፊት ነው። ያለ መከለያም ጣውላ ይወጣል፤ ስለዚህ ገንዘብና ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚተወው መከለያው ይሆናል። ቢሠራም እንኳ ቁሱ በእጅ ካለው ይወሰዳል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ ከሚገኙ ቁሶች የትኛው ለየትኛው የማሽኑ ክፍል ይበጃል የሚለው ነው።

2. መከለያው የሚመክተው አደጋ

ቁስ ከመመረጡ በፊት አደጋው መለካት አለበት። ለስሌቱ የሚከተለው ማሽን እንደ ምሳሌ ይወሰድ። የጥብጣቡ ርዝመት 4 ሜትር፣ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.1 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 25 ሜትር፣ የመንኮራኩሮቹ ዲያሜትር 50 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት መንኮራኩሩ በደቂቃ 955 ጊዜ ያህል ይዞራል።

የብረት እፍጋት በሜትር ኪዩብ 7,850 ኪሎ ግራም በመሆኑ ጥብጣቡ 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በእንቅስቃሴው የያዘው ጉልበት 378 ጁል ነው፤ ይህም 10 ኪሎ ግራም ድንጋይ ከ3.85 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። በአንጻሩ ጥብጣቡ በ150 ሜጋ ፓስካል ቢወጠር፣ በውጥረቱ ምክንያት ያጠራቀመው ጉልበት ከ8 ጁል ብዙም አይበልጥም። የተበጠሰን ጥብጣብ አደገኛ የሚያደርገው በዋናነት ፍጥነቱ እንጂ ውጥረቱ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ትልቁ ጉልበት ግን በመንኮራኩሮቹ ውስጥ ነው። ከአንድ መንኮራኩር ክብደት 10 ኪሎ ግራሙ በጠርዙ አካባቢ እንደተከማቸ ቢቆጠር፣ መንኮራኩሩ የሚይዘው ጉልበት ከ3,100 ጁል ይበልጣል። ሞተሩ ቢጠፋም መንኮራኩሮቹ ወዲያው አይቆሙም፤ የተበጠሰውንም ጥብጣብ እየጎተቱ ወደ ውጭ ይገፉታል።

ከዚህ በመነሣት አደጋው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ያልተበጠሰውን፣ በመዞር ላይ ያለውን ጥብጣብ በእጅ ወይም በልብስ መንካት ነው። ሁለተኛው ጥብጣቡ ሲበጠስ ወይም ከመንኮራኩሩ ሲወጣ የሚደርሰው ምት ነው። ሦስተኛው በቺንጋና በፑሌ መካከል በልብስ፣ በነጠላ ወይም በጣት መያዝ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በባሕር ዛፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። ባሕር ዛፍ በእድገቱ ጊዜ በግንዱ ውስጥ ከፍተኛ ውስጣዊ ውጥረት ያጠራቅማል። ግንዱ ሲሰነጠቅ ይህ ውጥረት ይለቀቅና ጣውላው ይጎብጣል ወይም ቆረጣው ተመልሶ ይዘጋል። የተዘጋ ቆረጣ ጥብጣቡን ይቆነጥጠዋል፤ ያሞቀዋል፤ ከመንኮራኩሩም ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ለለስላሳ እንጨት የተሳለ የመከለያ ንድፍ ለጎጃም ባሕር ዛፍ እንዳለ ሊቀዳ አይገባም።

3. የመምረጫ መስፈርቶች

ለመከለያ ቁስ ስድስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ምት ሲያርፍበት ይሰበራል ወይስ ይጎብጣል? በእጅ ቢደገፉት ወይም ግንድ ቢነካው ወደ ጥብጣቡ ይገባል? አንድ ሰው ብቻውን ሊከፍተው ይችላል? የመጋዙ ጥርስ ቢነካው ምን ይከተላል? ክረምቱንና ጥብጣቡን ለማራስ የሚንጠባጠበውን ውሃ ወይም ናፍታ ይቋቋማል? በአካባቢው ብየዳ ቤት ተሠርቶ በአካባቢው ሊጠገን ይችላል?

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ጥንካሬ ቁሱ እስኪሰበር ድረስ የሚችለው ጭነት ነው፤ ግትርነት ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት ሳይጎብጥ የመቆየት ባሕርይ ነው። የአንድ ጠፍጣፋ ቁስ የመጉበጥ ግትርነት የሚያድገው ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ ለሚመጣው ንጽጽር ይህ ሕግ መሠረት ነው።

4. የቁሶች ንጽጽር

4.1 ላሜራ

ተራ የብረት ላሜራ ምት ሲያርፍበት ከመሰበሩ በፊት ብዙ ይጎብጣል፤ በመጉበጡም የምቱን ጉልበት ይመጥጣል። በማንኛውም ብየዳ ቤት ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል። ጉድለቶቹ ክብደቱ፣ ዝገቱና ድምፁ ናቸው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ያልተደገፈ ሰፊ ላሜራ ማሽኑ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ጩኸቱም ጥብጣቡ መሰንጠቅ ሲጀምር የሚያሰማውን ተደጋጋሚ መታ መታ የሚል ድምፅ ይሸፍናል። መስቀለኛ ድጋፍ መበየድ ወይም ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ መለጠፍ ይህን ይቀንሳል።

4.2 የቤት ክዳን ቆርቆሮ

ቆርቆሮ ርካሽና በሁሉም ቦታ የሚገኝ ስለሆነ የመጀመሪያው ምርጫ ሊመስል ይችላል። ውፍረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ባለ 0.4 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ከባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጋር ሲነጻጸር ግትርነቱ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ብቻ ነው። ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ግትርነቱን ቢጨምርም፣ የተበጠሰ ጥብጣብ ጥርስ ሊቀደው ይችላል፤ የተቀደደው ጠርዝ ራሱ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ሲበየድ ደግሞ የዚንክ ሽፋኑ የሚያወጣው ጭስ በያጁን ብርድ ብርድ በሚል ትኩሳት ሊያሳምመው ይችላል። ቆርቆሮ ሰጋቱራንና ዝናብን ይከላከላል፤ ጥብጣብን ግን አይመክትም። ሰዎች መከለያ አለ ብለው እንዲጠጉ ማድረጉ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

4.3 የ200 ሊትር በርሜል

የብረት በርሜል ግድግዳ ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ክብ ቅርጹና የታጠፈ ጠርዙ ከጠፍጣፋ ቆርቆሮ እጅግ የላቀ ግትርነት ይሰጡታል። የውስጥ ዲያሜትሩ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ 50 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ላለው መንኮራኩር በዙሪያው 3.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ሁለቱ ጫፎቹ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይዘው ቢቆረጡ ከአንድ በርሜል ሁለት የመንኮራኩር መከለያዎች ይወጣሉ። ጎማ የለበሰ ባለ 13 ኢንች የመኪና ቸርኬ ግን ዲያሜትሩ ራሱ ወደ 57 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ በበርሜሉ ውስጥ አይዞርም፤ ለእርሱ ላሜራ መታጠፍ አለበት።

በበርሜል መጠቀም የራሱ ከባድ አደጋ አለው። ቤንዚን፣ ናፍታ ወይም ቲነር የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ትነቱ በውስጡ ይቀራል፤ በግራይንደር ወይም በብየዳ ሲነካ ሊፈነዳ ይችላል። የዘይት ቅሪትም ሲሞቅ ተቀጣጣይ ትነት ያወጣል። ስለዚህ በርሜሉ ክዳኑ ተከፍቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ፣ ከዚያም በተቻለ መጠን ብልጭታ በማያወጣ መንገድ መቆረጥ ይኖርበታል። የቀድሞ ይዘቱ የማይታወቅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ለዚህ ሥራ ፈጽሞ መዋል የለበትም።

4.4 ኮምፔንሳቶ፣ ቺፕውድና የባሕር ዛፍ ጣውላ

ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በካሬ ሜትር ወደ 11 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይቀላል። የእንጨቱ የግትርነት መለኪያ 8 ጊጋ ፓስካል፣ የብረቱ ደግሞ 200 ጊጋ ፓስካል ቢወሰድ፣ በውፍረቱ ብልጫ ምክንያት የኮምፔንሳቶው የመጉበጥ ግትርነት ከላሜራው 29 እጥፍ ያህል ይሆናል። ጥርስ ቢነካውም ብልጭታ አያወጣም፤ ጥርሱንም አያበላሽም። ድምፅንም ያፍናል። ድክመቱ ውሃ ነው፤ ጠርዙ በዘይት ቀለም ካልታሸገ በክረምት ያብጣል፣ ንብርብሩም ይላቀቃል። ከሞተሩ ጭስ ማውጫ መራቅም አለበት።

ቺፕውድ ከኮምፔንሳቶ ጋር መምታታት የለበትም። ከተጨመቀ ፍርፋሪ የተሠራ በመሆኑ በምት ይፈረካከሳል፤ ቡሎን አጥብቆ አይዝም፤ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል።

ማሽኑ ራሱ የሚሰነጥቀው የባሕር ዛፍ ጣውላ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል፤ ጠንካራም ነው። ነገር ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛል፤ እንደ ኮምፔንሳቶ ድርብርብ ስላልሆነም በቃጫው አቅጣጫ በአንድ ምት ሊከፈል ይችላል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ለልባጅነት ወይም ለድጋፍነት ይበጃል፤ ብቻውን ግን ዋና መከለያ ሊሆን አይገባም።

4.5 ግልጽ ፕላስቲክና አሉሚኒየም

ከግልጽ ፕላስቲኮች መካከል ፖሊካርቦኔት ምትን በመቋቋም የታወቀ ሲሆን አክሪሊክ ግን ተሰብሮ ስለታም ስብርባሪ ይሆናል። ሁለቱ በዓይን ስለሚመሳሰሉ ገዢው ሊሳሳት ይችላል። ፖሊካርቦኔትም ቢሆን ቤንዚንና ቲነር ሲነኩት ይሰነጣጠቃል፤ በፀሐይም እየደበዘዘ ይሄዳል። ለትንሽ መመልከቻ መስኮት እንጂ ለሙሉ መከለያ አይመከርም። አሉሚኒየም ቀላልና የማይዝግ ነው፤ ሆኖም በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ በሚገባ ለመበየድ አስቸጋሪ በመሆኑ ሲጎዳ በቅርብ መጠገኑ ይከብዳል።

4.6 የሽቦ ወንፊት

ወንፊት ቀላል ነው፤ አየርና ሰጋቱራ ያሳልፋል፤ ውስጡንም ያሳያል። የተበጠሰን ጥብጣብ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይዝም። ጣት ከመግባት የሚከላከለውም ቀዳዳው ከአደጋው ካለው ርቀት ጋር ሲመጣጠን ብቻ ነው። አይኤስኦ 13857 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ካሬ ቀዳዳው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ለሆነ ወንፊት ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነ 25 ሚሊ ሜትር፣ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነ ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ርቀት ይጠይቃል። ቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የሚፈለገው ርቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ሊያድግ እንደሚችል ልብ ይሏል።

5. ለየክፍሉ የሚስማማ ምደባ

የመንኮራኩሮቹ መከለያ ዋናውን ምት የሚቀበል ስለሆነ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይመረጣል፤ ልኩ ሲስማማና በጥንቃቄ ሲዘጋጅ በርሜል ሁለተኛው አማራጭ ነው። ጥብጣቡ የሚያልፍበት ስንጥቅ የመከለያው ደካማ ቦታ በመሆኑ ጠርዙ በክብ ብረት መጠናከር ይኖርበታል። ጥብጣቡን ለመወጠር የሚንቀሳቀሰው መንኮራኩር መከለያው አብሮት እንዲሄድ ከተንቀሳቃሹ አካል ጋር መታሰር ወይም በውጥረቱ አቅጣጫ ረዘም ብሎ መሠራት አለበት። የታችኛው ክፍል ለሰጋቱራ መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ በመንኮራኩሩ ላይ ከተጋገረ ጥብጣቡን ከመስመሩ ያወጣዋል። መውጫው ግን ወደ ሠራተኛው ሳይሆን ወደ መሬት መዞር ይኖርበታል።

በመንኮራኩሮቹ መካከል ያለው የላይኛው የመመለሻ መስመር ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። እዚህ ዋናው ፍላጎት ከእጅ ንክኪ መከላከልና ያለ ብዙ ድጋፍ ቀጥ ብሎ መቆም በመሆኑ፣ ጠርዙ የታሸገ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በቱቦላሬ ክፈፍ ላይ በቡሎን ቢታሰር ይበቃል።

በመቁረጫው ቦታ ከግንዱ ውጭ የሚቀረው የጥብጣቡ ክፍል በሙሉ መሸፈን አለበት። የግንዱ ስፋት ስለሚለያይ መከለያው ከተንቀሳቃሹ የጥብጣብ መሪ ጋር አብሮ የሚንሸራተት ይሁን። ውጪው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት፣ በጥርሱ በኩል ያለው ውስጡ ደግሞ በደረቅ ጣውላ የተለበደ ቢሆን ብረቱ ምቱን ይመክታል፤ ጣውላውም ጥርሱ ብረት ነክቶ ብልጭታ እንዳያወጣ ያደርጋል። ደረቅ ሰጋቱራና የነዳጅ ትነት ባሉበት ቦታ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ልባዱ ሲያረጅ መቀየር የሚችል በመሆኑ ወጪው ጥቂት ነው።

ለቺንጋና ለፑሌ በኤል ብረት ክፈፍ የተያዘ ወንፊት ይስማማል። ቺንጋው አየር ያገኛል፤ ሁኔታውም ሳይከፈት ይታያል። ወንፊቱ ሠራተኛው ከሚቆምበት በኩል ብቻ ሳይሆን ከኋላም መዞር አለበት፤ ግንድ የሚያቀብሉ ሰዎችና ሰጋቱራ ለመልቀም የሚመጡ ልጆች የሚቀርቡት ከዚያ በኩል ሊሆን ይችላል።

6. መከለያው በቦታው እንዲቆይ

የመጋዝ ጥብጣብ ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ስለሚደንዝ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቀየር ይችላል። በተቀየረ ቁጥር መከለያው ይከፈታል። እዚህ ላይ ውፍረት ራሱ ጠላት ሊሆን ይችላል። ጎኑ 65 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመንኮራኩር መከለያ ስፋቱ 0.81 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ከባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲሠራ 9.6 ኪሎ ግራም፣ ከባለ 2 ሚሊ ሜትር 12.8 ኪሎ ግራም፣ ከባለ 3 ሚሊ ሜትር ደግሞ 19 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአራት ቡሎን የታሰረን 19 ኪሎ ግራም ብረት በቀን ሦስት ጊዜ እንዲያወርድና እንዲሰቅል የተጠየቀ ሠራተኛ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ መከለያውን ከግድግዳው ሥር አስደግፎት ቢቀር አያስገርምም። መሬት ላይ ያለ ባለ 3 ሚሊ ሜትር መከለያ ማሽኑ ላይ ካለ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥበቃ ይሰጣል።

ስለዚህ ከባዱ መከለያ በማጠፊያ ላይ መንጠልጠል ይኖርበታል። መዝጊያውም ረጅም ጥርስ ያለው ቡሎን ቢሆን፣ እርሱን ፈትቶ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ መንኮራኩሮቹ እስኪቆሙ የሚያስፈልገውን ጊዜ ያስገኛል። በአነስተኛ የቤንዚን ሞተር ላይ የማጥፊያው ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ሲገናኝ ሞተሩ ስለሚጠፋ፣ በሩ ሲከፈት ይህን ግንኙነት የሚፈጥር ቀላል ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ይቻላል። ለናፍታ ሞተር ግን ይህ አይሠራም፤ የነዳጅ መዝጊያ ያስፈልገዋል። የመከለያው ውስጥ በቀይ ወይም በብርቱካናማ፣ ውጪው በሌላ ቀለም ቢቀባ፣ ክፍት መሆኑ ከሩቅ ይታያል።

መከለያ ሥራ ያዘገያል፣ እይታንም ይጋርዳል የሚለው መከራከሪያ በከፊል እውነት ነው። ሠራተኛው ቆረጣውን ማየት አለበት። ሆኖም ማየት የሚገባው ጥብጣቡ ወደ ግንዱ የሚገባበትን ቦታ እንጂ መንኮራኩሮቹን አይደለም፤ ተንሸራታቹ መከለያ ደግሞ ይህንን ቦታ ክፍት ይተዋል።

ጉዳዩ ሕጋዊ ገጽታም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥልበታል። ማሽኑ በፋብሪካ መሠራቱ ወይም በሰፈር ብየዳ ቤት መሠራቱ ይህን ግዴታ አይለውጠውም። ማሽኑን ሠርቶ የሚሸጥ በያጅም መከለያውን በተናጠል ዋጋ እንደሚወጣለት ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን እንደ መንኮራኩሩ ሁሉ የማሽኑ አካል አድርጎ ቢያስረክብ፣ ገዢው ትቶት እንዲሄድ ዕድል አይሰጠውም።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ንጽጽሩ ሦስት ነጥቦችን ያሳያል። አንደኛ፣ የቁስ ምርጫ ለማሽኑ በጥቅሉ ሳይሆን ለየክፍሉ በሚደርሰው አደጋ መወሰን አለበት። ሁለተኛ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ቺፕውድና አክሪሊክ ለጥብጣብ መጋዝ ዋና መከለያነት አይበቁም፤ ላሜራ፣ ኮምፔንሳቶና ወንፊት በየቦታቸው ሲውሉ ግን ተመጣጣኝ ጥበቃ ይሰጣሉ፤ ሁሉም በተራ መሣሪያ የሚሠሩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ክብደት፣ ማጠፊያና መዝጊያ ከቁሱ ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው።

የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት የብየዳና የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች አንድ የመንኮራኩር መከለያ ከላሜራ ለክተው፣ መዝነውና አንጠልጥለው እንዲሠሩ ቢያደርጉ፣ ትምህርቱ በአካባቢው ከሚያስፈልገው ሥራ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በያጆችም የማሽኑን የቁስ ዝርዝር ሲያዘጋጁ ለመከለያው የሚበቃውን ላሜራ ከቱቦላሬው ጋር በአንድ ጊዜ ቢገዙ፣ መከለያው ከትርፍራፊ የሚሠራ የመጨረሻ ሥራ መሆኑ ይቀራል። ለአንድ መንኮራኩር ከአንድ ካሬ ሜትር ላሜራ ያነሰ ብረት የሚወስድ ሥራ፣ የአንድን ሰንጣቂ እጅ ከማጣት ጋር ሲመዘን ውድ ሊባል አይችልም።